ሰሜን ተራሮች ላይ ሰው ፎቶ ለማንሳት እንዴት ላስፈቅድ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር ከደባርቅ ተነስቼ በሳንቃበር አድርጌ እስከ ጨነቅ በእግር ልሄድ ነው። ከጭላዳና ከዋልያ ሌላ የአካባቢውን ሰው ማንሳት በጣም እፈልጋለሁ። ሰው ሳላስቀይም እንዴት ልጠይቅ? ብር ይሰጣል?

አስጎብኚ፣ ደባርቅ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ሰላምታውን አታሳጥሪው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ ጠይቂ። በኅዳር ብዙዎቹን ገብስ አጨዳ ላይ ታገኛቸዋለሽ፤ «ያበርታችሁ» ብለሽ ቅረቢ። ከዚያ «አባባ፣ ፎቶ ላንሳዎት? ይፈቅዱልኛል?» በያቸው። ፊታቸውን ካዞሩ ወይም በነጠላ ከተሸፈኑ አልፈለጉም ማለት ነው፤ አትጎትጉቺ። አብሮሽ የሚሄደው ስካውት (የፓርኩ ጥበቃ) የአገሩ ሰው ነው፤ እሱ ቢያስተዋውቅሽ ነገሩ ይቀላል።

ሁለተኛ መላሽ፦ ለሕፃናት ለፎቶ ብለሽ ብር ባትሰጪ ይሻላል። ትምህርት ትተው መንገድ ዳር ቱሪስት መጠበቅ ይለምዳሉ። ደግሞ ወላጅ ሳይፈቅድ ልጅ አይነሳም። መርዳት ከፈለግሽ የሚሸጡትን የሱፍ ባርኔጣ ወይም ስፌት ግዢ።

ሦስተኛ መላሽ፦ በልጆቹ እስማማለሁ። አዋቂ ሰው ግን ሥራውን አቁሞ ግማሽ ሰዓት ከቆመልሽ ጊዜው ዋጋ አለው። ሳታነሺ በፊት ተነጋገሩ፤ በኋላ ቅሬታ አይኖርም።

ፎቶ አንሺ፦ ሳንቃበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቀትር ፀሐይ አይቻልም። ነጩ ነጠላ ያበራል፣ ፊት ይጠቁራል። ሰውየውን ደጃፍ ላይ ጥላ ውስጥ አቁመሽ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሪው። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱ ያለበትን ቦታ ነክተሽ ብርሃኑን አስተካክዪ። ምርጡ ሰዓት ጠዋት እስከ ሦስትና ከቀኑ አሥር በኋላ ነው። ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፤ ማታ ባትሪውን መኝታ ከረጢትሽ ውስጥ ይዘሽ ተኚ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ፎቶውን ለራሳቸው ባደርስስ? ስልክ የሌላቸው ይኖራሉ።

አስጎብኚ፣ ደባርቅ፦ ከብር ይልቅ እሱን ይወዱታል። ግን የምታደርሺ ከሆነ ብቻ ቃል ግቢ፤ «እልካለሁ» ብሎ የጠፋ ብዙ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው እንግዳ ነው የሚታማው። ስማቸውንና ቀበሌያቸውን እዚያው ጻፊ። ስትመለሺ ጎንደር ፎቶ ቤት አሳጥበሽ በስካውቱ በኩል ላኪላቸው። ለገበያ ደባርቅ ሲወርዱ ይቀበሉታል።