«የእጅ ሽመና» የሚለው ስም በሕግ ለማን ይሰጥ?

ለክርክር የቀረበው፦ የእጅ ሽመናንና የገጠር የቤት ውስጥ ኢንዱስትሪን ለመጠበቅ የወጡ ሕጎች ብዙዎቹ አርጅተዋል። ይሻሻሉ ከተባለ ከየት ይጀመር? አንዳንድ ምርቶች ለእጅ ሽመና ብቻ ተከልለው ይቆዩ? ሞተር የገባበት መሸመኛስ «የእጅ» ይባል?

የሕግ ባለሙያ፦ ከህንድ ልነሳ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሕግ ያወጣ አገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሕግ 22 ዓይነት ጨርቆችን ለእጅ ሽመና ብቻ ከለለ። የሞተር መሸመኛ ባለቤቶች በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ያጸናው በ1993 ነው። በኋላም ዝርዝሩ ወደ 11 ወረደ። ሕጉ ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣት እስከ 6 ወር እስራት ወይም በአንድ መሸመኛ እስከ 5,000 ሩፒ ነበር፤ ለትልቅ ባለሀብት እንደ ኪራይ የሚከፈል ገንዘብ ማለት ነው። ዝርዝሩ ጨርቁን በክሩ ዓይነትና በአሠራሩ ስለሚገልጸው፣ ትንሽ ሰው ሠራሽ ክር የቀላቀለ ከዝርዝሩ ሊያመልጥ ይሞክራል። የኔ አቋም፦ ክልከላው ይቅርና ሕጉ ስሙን ይጠብቅ፤ በእጅ ለተሸመነ ጨርቅ ብቻ የሚሰጥ ምልክት ይኑር።

የማኅበራት ኦዲተር፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የህንድ የ2019–20 ቆጠራ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ የእጅ ሽመና ሠራተኞችን መዝግቧል፤ ከአሥሩ ሰባቱ ሴቶች ናቸው። ክልከላው ሙሉ በሙሉ ባይከበርም የሞተሩን ባለቤት ያስፈራዋል። ከነጭራሹ ሲነሳ ግን ገበያው በአንድ ወቅት ውስጥ በሞተር ጨርቅ ይጥለቀለቃል።

የሽመና አሠልጣኝ፦ ሁለታችሁም የዋጋውን ልዩነት ከየት እንደሚመጣ አላነሳችሁም፤ በቁጥር ላስቀምጠው። በሴንቲ ሜትር 20 ማግ (በድሩ መካከል አግድም የሚገባ ክር) ያለው ጨርቅ በሜትር 2,000 ውርወራ ይፈልጋል። በገመድ በሚሳብ መወርወሪያ በደቂቃ 40 ብንቆጥር አንድ ሜትር 50 ደቂቃ ይወስዳል፤ የተበጠሰ ክር መቀጠሉ ሳይቆጠር። ተራ የሞተር መሸመኛ በደቂቃ 150 ከወረወረ 13 ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ሠራተኛ አራት መሸመኛ ስለሚጠብቅ ለአንድ ሜትር የሚውለው የሰው ጉልበት ከሦስት ደቂቃ ጥቂት ቢበልጥ ነው። 15 እጥፍ! ይህን ልዩነት በድጎማ የሚሞላ መንግሥት የለም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለሌላ ነገር እንደሆነ ሊታወቅ ይገባል፤ የሕጉ ሥራም ያንን ሌላ ነገር ከማስመሰያ መለየት ነው።

የክር ነጋዴ፦ የክሩን አቅርቦት ረሳችሁት። ሸማኔው የሚፈልገው ቱባ ክር ነው፤ በኮን የተጠቀለለው ለፋብሪካ ይመቻል። ቱባው በቤት ውስጥ ይነከራል፣ ስታርች ይገባዋል፤ ኮኑን ግን መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል። ህንድ ፈታዮች ለአገር ውስጥ ገበያ ከሚያሽጉት ክር 40 በመቶውን በቱባ እንዲያቀርቡ ታስገድድ ነበር፤ በ2019 ወደ 30 በመቶ ወረደ። ችግሩ የሚጀምረው ቱባው ከመጋዘን ሲወጣ ነው። የቱባ ክር የታክስ እፎይታ ካለው አንዱ ይገዛና መልሶ በኮን አዳውሮ ለሞተር መሸመኛ ይሸጠዋል። ግዴታው በወረቀት ተፈጽሟል፤ ሸማኔው ጋ የደረሰ ነገር የለም።

የማኅበራት ኦዲተር፦ ጋሼ፣ ያነሱት እኔ የምመረምረው ነገር ስለሆነ ሒሳቡን ላሳይ። ማጭበርበሩ የሚያዘው በክር ሚዛን ነው። ቁጥር 40 የጥጥ ክር (ቁጥሩ የክሩን ቅጥነት ያሳያል) በኪሎ ወደ 67,700 ሜትር ርዝመት አለው። ወርዱ አንድ ሜትር፣ በሴንቲ ሜትር 24 ድርና 20 ማግ ያለው ጨርቅ በሜትር 4,400 ሜትር ክር ይበላል፤ ለመታጠፍና ለብክነት 8 በመቶ ጨምሩበት፣ 4,750 ግድም ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ 14 ሜትር ጨርቅ ይወጣል። 10 ኪሎ ገዝቶ ለ400 ሜትር ጨርቅ ምልክት የጠየቀ ማኅበር ሌላ ቦታ የተሠራ ጨርቅ ይዟል። በተጨማሪም አንድ መሸመኛ በቀን ከ6 እስከ 7 ሜትር ካወጣ፣ በወር 25 የሥራ ቀን ቢቆጠር ከ175 ሜትር አያልፍም። ሕጉ የምልክት ወረቀት የሚሰጠው በክር ደረሰኝና በተመዘገበ የመሸመኛ ብዛት ልክ መሆን አለበት። በቁጥር የማይወሰን ወረቀት ከተሰጠ ይሸጣል።

የሕግ ባለሙያ፦ ታዲያ ይህ የኔን ሐሳብ ያጠነክራል፤ ምልክቱ ሠራ ማለት ነው። አብነቱ ሃሪስ ትዊድ የሚባለው የስኮትላንድ የሱፍ ጨርቅ ነው። በ1993 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ሃሪስ ትዊድን ሲተረጉም፦ በውጪያዊ ሄብሪዲስ ደሴቶች ነዋሪዎች በየቤታቸው በእጅ የተሸመነ፣ ክሩም እዚያው የተነከረና የተፈተለ ንጹሕ ሱፍ ይላል። ክሩ በፋብሪካ መፈተሉን ግን አይከለክልም። መሸመኛዎቹም ተለውጠዋል፤ ወርዳቸው 75 ሴንቲ ሜትር የነበሩት በእጥፍ ሰፍተዋል፣ ግን በፔዳል በእግር ነው የሚነዱት። ሕጉ የተቀየረውን መሣሪያ ተቀብሎ ጉልበቱን የሰው አደረገው።

የሽመና አሠልጣኝ፦ ትክክል፤ ዋናው ነጥብ እዚያ ላይ ነው። ህንድ ውስጥ የእጅ መሸመኛ ትርጉም «ከሞተር መሸመኛ በስተቀር ማንኛውም መሸመኛ» ነው። ትርጉሙ ሌላውን እንጂ ራሱን አይናገርም። ቢያንስ አንዱ የሥራ ደረጃ በእጅ ከሆነ ይበቃል የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ያ ቢጸድቅ የተበጠሰ ክር በእጅ የሚቀጥል ፋብሪካ ሁሉ ሸማኔ ይሆናል። ሽመና ሦስት ዋና እንቅስቃሴ አለው፦ ድሩን ከፍቶ መንገድ መስጠት፣ መወርወሪያውን ማሳለፍ፣ ማጉን መምታት። ሦስቱ በሰው እጅና እግር ከተንቀሳቀሱ የእጅ ሽመና ነው። ጨርቁን መጠቅለል፣ ድሩን መልቀቅ፣ ጥለቱን የሚመርጠው የጃካርድ (ለጥለት ድሩን እየመረጠ የሚያነሳ መሣሪያ) ኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ማዳወሪያው ግን በኤሌክትሪክ ቢሆኑ ምንም አያጎድሉም። በገመድ የሚሳበው መወርወሪያም በ1733 ሲመጣ አዲስ ነበር።

የማኅበራት ኦዲተር፦ ጥለት መርጦ ድሩን የሚያነሳው ክፍል በአየር ግፊት ቢታገዝስ? ይህ «ድሩን መክፈት» ውስጥ ይገባል። ከባድ ጃካርድ በእግር የሚያነሱ ሴቶች ወገባቸው ይጎዳል፤ እነሱን ከምልክቱ ማስወጣት ግፍ ነው።

የሽመና አሠልጣኝ፦ ጥሩ ነገር አነሱ፣ እህቴ፤ ቃሌን ላርም። መርጦ ማንሳቱ በሁለት ቢከፈል ይሻላል። መርገጫው በእግር ተረግጦ አየሩ ክብደቱን ብቻ ካገዘ ይፈቀድ፤ ማሽኑ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ ከከፈተ ግን አይፈቀድ። ፈተናው፦ ሸማኔው ቆም ሲል መሸመኛው ይቆማል ወይ?

የክር ነጋዴ፦ ጨርቁን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም? ገበያ ላይ የተገኘው ሁሉ ወደ ሸማኔው ቤት ሊመለስ አይችልምኮ።

የሽመና አሠልጣኝ፦ በከፊል ይቻላል። መወርወሪያ የሌላቸው ዘመናዊ መሸመኛዎች ማጉን በየውርወራው ይቆርጡታል፤ ጠርዙ ላይ የተቆራረጠ ክር ወይም የተጣጠፈ ጫፍ ታያላችሁ። መወርወሪያ ያለው የሞተር መሸመኛ ግን ማጉን ሳይቆርጥ ስለሚመልሰው ጠርዙ ከእጅ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። የማግ ብዛትን ሜትር በሜትር መቁጠርም ይረዳል፤ በእጅ ሲመታ ይዋዥቃል። ጨርቁን በራሱ በሚጠቀልል የእጅ መሸመኛ የተሠራ ግን እኩል ይወጣል። ስለዚህ የጨርቅ ምርመራ ጥርጣሬ ያነሳል እንጂ ፍርድ አይሰጥም፤ ማስረጃው የሚገኘው መሸመኛውና የክር ደብተሩ ጋ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ የአካባቢ መለያ ምዝገባ ላይም እንጠንቀቅ። የቦታውን ስም ይጠብቃል፤ ዘዴውን የሚጠብቀው ግን በምዝገባው ሰነድ ከተጻፈ ብቻ ነው። ሰነዱ «በእጅ የተሸመነ» ካላለ፣ በዚያው ከተማ ያለ የሞተር ባለቤት ሕጋዊ ተጠቃሚ ሆኖ ይመዘገባል፤ ሸማኔው በራሱ ስም ይቀደማል።

የማኅበራት ኦዲተር፦ እኔ የምጨነቅበት አንድ ነገር ቀርቷል፦ ክፍያው። ቁርጥ ዋጋ የሚሰላው በተሸመነው ሜትር ነው። 2,400 ክር ያለው አዲስ ድር ሲገባ ከአሮጌው ጋር እየተቋጠረ ነው፤ አንዱ ቋጠሮ 7 ሰከንድ ቢወስድ ከ4 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ማዳወር፣ ድር ማዘጋጀትና ስታርች ማስገባትም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሚስትና ልጆች ሳይከፈላቸው ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የዓለም ሥራ ድርጅት 177ኛ ስምምነት የቤት ውስጥ ሠራተኛ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል እንዲታይ ይጠይቃል። አዲሱ ሕግ በክፍያ ደረሰኙ ላይ ለዝግጅት ሥራው የተለየ መስመር ያስገድድ፤ ምልክቱም ያለዚያ መስመር አይሰጥ።

የክር ነጋዴ፦ ያኔ ጨርቁ ይወደዳል።

የማኅበራት ኦዲተር፦ ይወደዳል፣ ጋሼ። ዛሬ የሚረክሰው ያ 4 ሰዓት ተኩል ሳይከፈል ስለሚቀር ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ክልከላውን በተመለከተ ግማሽ መንገድ ልምጣ። ዝርዝሩ በአንዴ አይሰረዝ፤ ምልክቱ በክር ሚዛን መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ሸማኔዎቹ ራሳቸው በሚወከሉበት ቦርድ አንድ በአንድ ይታይ።

የማኅበራት ኦዲተር፦ በዚያ ቅደም ተከተል ከሆነ እስማማለሁ። ቦርዱ ውስጥ ከሸማኔዎቹ ወንበር ግማሹ ለሴቶች ካልሆነ ግን አልፈርምም።