የድሮናችን ክንድ ተሰበረ፤ ለጀማሪ የሚሆን የካድ (በኮምፒውተር ዲዛይን መሥሪያ) ሶፍትዌር የቱ ነው?

የአዳማው ጀማሪ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ዛሬ ጠዋት ወድቆ የ5 ኢንች ፕሮፔለር ያለው ድሮናችን አንዱ ክንድ ከሞተሩ ሥር ተቆረጠ። ቅዳሜ ለመምህራን እናሳያለን። ጓደኛዬ ጋ ስሪዲ ፕሪንተር አለ፣ ዲዛይኑን ግን እኔ ነኝ የምሠራው። ካድ ነክቼ አላውቅም። ፊውዥን ልጫን?

ሊያ፦ የላፕቶፕህ ራም ስንት ነው?

የአዳማው ጀማሪ፦ 4 ጊጋ።

ሊያ፦ እንግዲያው ፊውዥንን እርሳው፣ ያንቀራፍፍብሃል። ቲንከርካድ ግባ። ነፃ ነው፣ በብራውዘር ይሠራል። ሣጥን ታስቀምጣለህ፣ ሲሊንደሩን «ሆል» ታደርገዋለህ፣ ሁለቱን ግሩፕ ስታደርግ ቀዳዳው ይወጣል።

ጋሽ ሜካኒክ፦ ልጄ፣ ከሶፍትዌሩ በፊት ልኬት ይቅደም። ካሊፐር (ሚሊሜትር መለኪያ) ተዋስ። ክንዱን ከላይም ከጎንም ወረቀት ላይ ሣለው፣ ቁጥሩን ጻፍበት። እኛ በእርሳስና በቲ ስኩዌር ማስመሪያ ነው የተማርነው፤ ዛሬም የሚበላሸው ሥራ የሚበላሸው ሳይለካ ስለሚጀመር ነው።

ቦልት፦ ቲንከርካድ።

ኪያ፦ ቲንከርካድ ለዛሬ ይሁንህ። ለወደፊቱ ፍሪካድ ልመድ። እሱም ነፃ ነው፣ ኔት ቢጠፋም ይሠራል። ስኬቹ (መነሻ ሥዕሉ) ላይ አንድ ቁጥር ስትቀይር ቅርጹ አብሮ ይቀየራል። ኦንሼፕም ጥሩ ነው፣ ግን በነፃው የምትሠራው ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ነው።

ናቲ፦ ቆይ፣ ክንድ በፒኤልኤ፣ በተለመደው የፕሪንተር ፕላስቲክ? ይተጣጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በመጀመሪያው ውድቀት ይሰበራል። ክንድ ካርቦን ፋይበር ነው። ፕሪንተሩን ለካሜራ መያዣ ተወው፣ እሱንም በቲፒዩ፣ ጎማ በሚመስለው ፕላስቲክ። መለዋወጫ ክንድ ያለው ሰው ፈልግ።

የአዳማው ጀማሪ፦ እዚህ ካርቦን ከየት አመጣለሁ? ለ2 ደቂቃ ብቻ ዝቅ ብሎ ቢበር ይበቃኛል። ሞተሩ 2207 የሚባለው መጠን ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ 16 በ16 ይላል፣ ካሬ አድርጌ ሣልኩት፣ ብሎኖቹ አልገጠሙም!

ናቲ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። 16 ሚሊሜትሩ የካሬው ጎን አይደለም፣ ፊት ለፊት በሚተያዩት ቀዳዳዎች መሀል ያለው ርቀት ነው። 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ሥራ፣ አራቱን ቀዳዳ ዙሪያው ላይ አድርግ። ብሎኑ ኤም 3 (3 ሚሊሜትር) ስለሆነ ቀዳዳውን 3.3 ሚሊሜትር አድርገው፤ ፕሪንት ሲደረግ ይጠባል። ፒኢቲጂ (እንደ ፒኤልኤ ቶሎ የማይሰበር ፕላስቲክ) ካላችሁ በሱ አውጡት፣ ወፍራም ይሁን፣ አጋድማችሁ አትሙት። ሰው አጠገብ ግን አታብሩት።

ቦልት፦ ቲንከርካድ አልኩህ እኮ!

ጋሽ ሜካኒክ፦ ሞተሩን ስትሞክሩ ፕሮፔለሮቹን አውልቁ። ገጠመ ወይ?