ድመቴ ምግብ የሚያወጣውን መጫወቻ አሽትታ ትታዋለች፤ ምን ይሻላል?

የሚጣ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሚጣ የምትባል የሦስት ዓመት ድመት አለችኝ። እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች፤ ከቤትም አትወጣም። እኔ ሥራ ስውል እሷ ትተኛለች። ሊነጋጋ ሲል ግን ቤቱ የሷ ነው። አልጋዬ ላይ ወጥታ ፊቴን በመዳፏ ትነካካለች። ዝም ስላት መጋረጃው ላይ ትንጠላጠላለች። እሱም ካልቀሰቀሰኝ ጠረጴዛ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እየገፋች ትጥላለች። ተነስቼ ስሰጣት ምግቧን ሳታኝክ ውጣ ትጨርስና እንደገና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

ክብደቷም እየጨመረ ነው። ከላይ ሆኜ ሳያት ድሮ የነበራት ወገብ የለም። የእንስሳት ሐኪሙ መርምሯት ሌላ ችግር እንደሌለባት ነገረኝ። «ምግቧን መጥኚ፤ ለምትበላውም ትንሽ እንድትለፋ አድርጊ» አለኝ።

ስለዚህ ስትንከባለል ደረቅ ምግቡን ፍሬ በፍሬ የምታፈስ ኳስ ገዛሁላት። አሸተተችው። ነካ ስታደርገው ተንከባለለ፤ ውስጡ ያለው ምግብ ሲንኳኳ ደንግጣ ሶፋ ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ በአጠገቡ ስታልፍ እንኳ ዞራ ነው የምታልፈው።

እነዚህ መጫወቻዎች ለሁሉም ድመት አይሆኑም ማለት ነው? ወይስ የማለማመጃ ዘዴ አለው? ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትውል አንጀቴን ትበላዋለች። የምታየው አራት ግድግዳ ነው። የምታስበውና የምትሠራው ነገር እንዲኖራት በጣም እፈልጋለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ኮከብ፦

የኔም ወንድ ድመት ኳስ አይወድም። ከወለል የማይነቃነቀውን፣ ጉድጓድና ችካል ያለበትን ሰሌዳ ግን ሳይጨርስ አይነሳም። ስለዚህ ዓይነቱን ቀይሪላት እንጂ ተስፋ አትቁረጪ።

ለንጋቱ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ፣ በሞላሽለት ሰዓት ክዳኑ የሚከፈት ሳህን አለ። ጥቅሙ ምን መሰለሽ? ድመቷ ምግብ ከሳህኑ እንጂ ካንቺ እንደማይመጣ ታውቃለች። እያደር አንቺን ትታ ሳህኑን መጠበቅ ትጀምራለች። እንቅልፌን የመለሰልኝ እሱ ነው።

ሁለት ጅራት፦

እህቴ፣ ሚጣ ምንም አልሆነችም። ኳስ ለጀማሪ ድመት ከባዱ ነው። ውስጡ አይታይም፣ ሲነኩት ይሸሻል፣ ድምፅ አለው፣ ቀዳዳውም ጠባብ ነው። ምግብ እንዳለበት ማን ነገራት? ከሷ አንፃር ካየሽው፣ የሚንኳኳ የማታውቀው ነገር ወደ እግሯ መጣባት። ብትሸሽ አይገርምም።

ድመት አይጥ ስታድን ብዙውን ጊዜ አታባርርም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ታደባለች። ከዚያ መዳፏን ትልካለች። እንግዲህ ማለማመዱንም ከዚያው ጀምሪ፤ የማይንቀሳቀስ፣ ምግቡ ከላይ የሚታይ፣ መዳፍ የሚያስገባ ነገር ይሁን። ለዚህ መግዛት አያስፈልግሽም። የእንቁላል ካርቶን ክፈቺና በየጉድጓዱ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ጣል አድርጊበት። ያለቀ የሶፍት ካርቶን ካጠራቀምሽ ደግሞ ጠባብ ሣጥን ውስጥ አቁመሽ ደርድሪውና በየቀዳዳው ምግብ ጨምሪ። እኔ ቤት ብዙ መጫወቻ አለ፤ ድመቶቼ ቦኒና ነብሮ እስከ ዛሬ አብልጠው የሚወዱት ይህንን የካርቶን ሣጥን ነው።

ዋናው ነገር መጀመሪያ ላይ በጣም ቀላል መሆኑ ነው። ምን ያህል ቀላል? እንደ ሳህን ቀላል። አፍንጫዋን ስታስጠጋ አፏ ውስጥ ሊገባ ይገባል። መዳፏን በላከች ቁጥር ታግኝ። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ ነገር አለ፦ ሰው ቶሎ ማክበድ ይወዳል። ድመቷ አንድ ቀን ስለሠራችው በማግስቱ ቀዳዳውን ያጠብበታል። እሷ ደግሞ ሞክራ ሞክራ ካጣች ትታው ትሄዳለች፤ መመለሷም ያጠራጥራል። ሳትቸገር ጥርግ አድርጋ መብላት ስትለምድ ብቻ ትንሽ አክብጂው። መጀመሪያ ጥልቅ አድርጊው፤ ቀጥሎ ከላዩ የተጨማደደ ወረቀት ጣል አድርጊበት፤ ከዚያ የካርቶኑን ክዳን በከፊል ዝጊው።

ስለ ሳህኑም ልንገርሽ። በ2021 የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች የሠሩት ነው። 17 የቤት ድመቶች ቀረበላቸው። በአንድ በኩል ምግቡ ዝም ብሎ የተቀመጠበት ትሪ፣ በሌላው በኩል ምግቡ የሚፈለግበት መጫወቻ ነበር። አብዛኞቹ ያዘነበሉት ወደ ትሪው ነው። ብዙ ሌሎች እንስሳት ግን ነጻ ምግብ እያለ እንኳ ለፍተው መብላት ይመርጣሉ። ነገሩ ስንፍና ነው እንዳይባል የድመቶቹን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ለክተዋል፤ ንቁዎቹም ቢሆኑ ትሪውን መርጠዋል።

ይህን ሰምተው «እንግዲያማ መጫወቻው ለድመት አይጠቅምም» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥናቱ የጠየቀው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀርቡ የትኛውን ትመርጣለች ብሎ ነው። እኔ ቤት የማየውም እሱኑ ነው፤ ሳህኑ ሞልቶ አጠገቡ ካለ መጫወቻውን የሚነካ የለም። ሳህኑ ሳይኖር ግን ቦኒ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ፣ ጢሟን ወደ ፊት ዘርግታ ሥራዋን ስትሠራ ላያት ሰው ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል።

አሁን ወደ ክብደቷ። መጫወቻው ውስጥ የምትጨምሪው ምግብ ከዕለት ምግቧ ላይ ተነስቶ ይሁን፤ ተጨማሪ አይሁን። ማባበያ ብቻ እየሞላሽ የምትሰጫት ከሆነ ትወፍራለች እንጂ አትቀንስም። ማባበያ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። 4 ኪሎ የምትመዝን ከቤት የማትወጣ ድመት በቀን የሚያስፈልጋት 200 ካሎሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የማባበያው ድርሻ 20 ካሎሪ ብቻ ነው፤ በጣም ትንሽ ነች። ጠዋት የቀኑን ደረቅ ምግብ በሚዛን ለኪና አንድ ዕቃ ውስጥ አድርጊው። ቀኑን ሙሉ መጫወቻ የምትሞይው ከዚያ ነው። ሲያልቅ አለቀ።

ደግሞ አንድ አይጥ 30 ካሎሪ ያህል ነው። ራሷን አድና የምትኖር ድመት በቀን ብዙ ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት ትበላለች። ሆዷም የተሠራው ለዚያ ነው። እኛ ሁለት ጊዜ ሞልተን ስናቀርብላት ሳታኝክ ብትውጥ ምን ይደንቃል? መጫወቻው ይህን ጥድፊያ ይሰብራል። እኔ የምወደው ለዚህ ነው፤ ከመጫወቻነቱ ይልቅ ምግብ ማቅረቢያነቱ ይበልጥብኛል።

ጣፋጭ ነገር ለማባበያ አትሞክሪ። ድመት ጣፋጭነትን የምትለይበት የምላስ ተቀባይ የላትም። የምትፈልገው የሥጋ ሽታ ነው።

የሚጣ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ካርቶኑን ዛሬውኑ አዘጋጃለሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ሳህኑን አንሺው፤ ሲርባት ራሷ ትማራለች» ብላኛለች። ይህ ልክ ነው? በዚያ ላይ ማታ ማታ እርጥብ ምግብ ነው የምሰጣት። እሱስ ለመጫወቻ ይሆናል?

መዳፍ፦

የምሠራው እንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ስለሆነ ይህችን ልመልስ። እባክሽ አታስርቢያት። ድመት፣ በተለይ የወፈረች ድመት፣ ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች ሰውነቷ ስቡን ወደ ጉበት ያጎርፈዋል። ጉበቷ በስብ ይሞላና ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። ይህ በሽታ ይገድላል። «ሲርባት ትበላለች» የሚባለው ነገር ለድመት አይሠራም። መጫወቻ ስታለማምጃት ጠዋት ማታ ምን ያህል እንደበላች እይ። ከመጫወቻው ካልበላች የቀረውን በሳህን ስጫት። 24 ሰዓት ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ ደውይ።

ሳህኑን ቀስ በቀስ ነው የምትቀንሺው። መጀመሪያ ከዕለት ምግቧ ጥቂቱ በካርቶን፣ ብዙው በሳህን ይሁን። እየለመደች ስትመጣ ታገላብጪዋለሽ። ክብደቱም እንዲሁ ነው። በሳምንት ከሰውነቷ 1 በመቶ ገደማ ብትቀንስ ጥሩ ነው፤ ለ5 ኪሎ ድመት 50 ግራም ማለት ነው። አትቸኩዪ።

እርጥብ ምግብ ይሆናል። ጎድጎድ ያለ የጎማ ንጣፍ ላይ ቀብተሽ እንድትልሰው አድርጊ። ዝርግ የበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶችም ይሆናሉ። ግን በልታ እንደጨረሰች በሳሙና እጠቢው፤ የተረፈውንም ጣይ። የደረቅ ምግቡንም መጫወቻ ማጠብ አይረሳ፤ ስቡ ውስጡ ተጣብቆ ይሻግታል፣ ድመቷም ከመጥፎ ጠረኑ የተነሳ ትጠላዋለች።

ቤት ውስጥ ስትሠሪ ፕላስተር፣ ስቴፕል ሽቦና ክር አይኑርበት። ክርን እንደ ቀላል እንዳታዪው። ድመት ከዋጠችው አንጀቷን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። ከአፏም ሆነ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ብታዪ አትጎትቺው፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰጃት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ከበሳሽም ጠርዙ መዳፏን እንዳይቆርጥ አለስልሺው።

አሮጊቷ፦

እኔ ደግሞ ዕድሜዋ የገፋ ድመት ነው ያለችኝ፤ መገጣጠሚያዋን ያማታል። ለሷ የሚንከባለል ነገር አልሰጣትም፤ ጉልበቷን ይጨርሰዋል። ዝርግ ሰሌዳ ላይ፣ ወለሉ የማያንሸራትት ቦታ፣ መተኛዋ አጠገብ አደርግላታለሁ። ቀስ ብላ ትለቅመዋለች። መቸኮል የለም። ይህን የጻፍኩት ለትንንሾቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

የሚጣ እናት፦

የእንቁላል ካርቶኑን አደረግኩላት። መጀመሪያ በአፏ ለቀመችው፤ ጥጉ ላይ የቀረችውን ፍሬ ግን በመዳፏ ጎትታ አወጣቻት! ደስ አለኝ። ማታ ላይ ራሷ መጥታ ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ አለች።

የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ያንን የፈራችውን ኳስ ልጣለው ወይስ ይቀመጥ? ሌሊቱንስ ምን ላድርገው?

ሁለት ጅራት፦

ስታወጣት ባየሁ! ፈጥና ነው የገባት።

ኳሱን አትጣዪው። ለሁለት የሚከፈት ከሆነ ክፈቺውና ግማሹን ብቻ እንደ ትንሽ ሳህን ተጠቀሚበት። ወለል ላይ አስቀምጠሽ ሁለት ሦስት ፍሬ አድርጊበት፤ ሽታውን ከምግብ ጋር ታገናኘው። እሱን ሳትፈራ ስትበላበት፣ ግጠሚውና ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈቺው፤ እስከ አፉም ሙይው። ጥቂት ፍሬ ብቻ ሲኖርበት ነው አብዝቶ የሚንኳኳው፤ ሲሞላ ድምፁ ይቀንሳል፣ ምግቡም ቶሎ ቶሎ ይወጣል። ምንጣፍ ላይ አድርጊው። እዚያ ቀስ ብሎ ይንከባለላል፣ ሩቅም አይሸሽም። አንቺ ግን በእግርሽ ወደሷ አትግፊው። ራሷ ትምጣበት።

ስለ ሌሊቱ፣ ድመት በተፈጥሮዋ ሲነጋና ሲመሽ ነው የምትነቃው። ያንን መለወጥ አንችልም፤ ግን ከሷ ጋር መሥራት ይቻላል። ከመተኛትሽ በፊት በላባ ዘንግ አጫውቻት። ላባውን ፊቷ ላይ አታወዛውዢው፤ ከሷ እየሸሸ ሶፋ ጀርባ ይደበቅ፣ ቆም ይበል፣ እንደገና ይውጣ። ታድባ፣ ትዝለል፣ መጨረሻ ላይም ትያዘው። እንደያዘችው እርጥብ ምግቧን ስጫት። አድና፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች። ዘንጉን ስትጨርሺ ቆልፊበት፤ መዳፍ ስለ ክር የጻፈውን አስቢ።

ሊነጋ ሲል የሚከፈተውን የኮከብን ሳህን እኔም እደግፈዋለሁ። እሱ እስኪገኝ ድረስ ልትተኚ ስትይ የተሞላውን የካርቶን ሣጥን ከመኝታ ክፍልሽ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው። ፊትሽን ስትነካ ተነስተሽ ምግብ አትስጫት፤ አንድ ቀን እንኳ ከተነሳሽላት ሌላ ጊዜ አብልጣ ትሞክራለች። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ፣ ቻይው።

ጠዋት ስትወጪ ደግሞ መጫወቻውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አታኑሪው። አንዱን መስኮቱ ሥር፣ ሌላውን ኮሪደሩ ላይ፣ ሦስተኛውን መደርደሪያ ላይ አድርጊላት። እየዞረች ትፈልገው። ስትመለሺ የትኛው እንደተነካና የትኛው እንደቀረ እይ፤ የቀረው ከብዷታል ማለት ነው፣ ለነገ አቅልዪላት።