ማሊንጺን፣ ማሊንቼ፣ ዶኛ ማሪና፦ የአንዲት ሴት ስሞች በአማርኛ እንዴት ይጻፉ?

ልብ ወለድ ጸሐፊዋ፦
ጤና ይስጥልኝ የቃል ወዳጆች። ስፓኞች ሜክሲኮን በወረሩበት ዘመን ስለኖረች አስተርጓሚ ታሪካዊ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ሴትዮዋ በ1500 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኮዋትሳኮዋልኮስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አገር ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች ለባርነት ተላልፋ ማያኛ በሚነገርበት በታባስኮ ኖረች። በመጋቢት 1519 የታባስኮ ሰዎች በስፓኞች አዝማች በኮርቴስ ጦር ተሸንፈው ካስረከቧቸው 20 ሴቶች አንዷ እሷ ነበረች። ክርስትና ተነሥታ ማሪና ተባለች። ስፓኞች "ዶኛ ማሪና"፣ የአገሬው ሰዎች "ማሊንጺን" አሏት፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቃት "ላ ማሊንቼ" በሚለው ነው። በየትኛው ልጥራት? ኮርቴስ ስለ እሷ ሲጽፍ የተጠቀመባትን "ሌንጉዋ" የምትለውን ቃልስ ምን ልበላት? ረቂቄን ያነበበልኝ አንድ ወዳጄ ደግሞ "ባንዳ ብለሽ ጨርሺው" አለኝ። ቃሉ ከበደኝ።

የስፓኝኛ መምህሩ፦
እህቴ፣ ከስሟ ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የአገሬው ቋንቋ ናዋትል "ር" የሚል ድምፅ የለውም፤ ማሪና በአገሬው አፍ "ማሊና" ሆነች። በዚያ ላይ "ጺን" ተጨመረ። ይህ ቅጥያ ሰውን ሲያከብሩም ሲያቆላምጡም ሲያዝኑለትም የሚለጠፍ ነው፤ ንጉሡን ራሱን ሲጠሩ ያስገቡታል። በናዋትል ወንድ ሰው ሲጣራ ደግሞ መጨረሻው ወደ "ኤ" ይሄዳል፤ "ማሊንጼ!" ይላል። ስፓኞቹ ይህን ጥሪ ሰምተው "ማሊንቼ" አሉት። ዛሬ እንደ ስድብ የምንሰማው ስም ከአክብሮት ጥሪ የተወለደ ነው ማለት ነው።

"ማሊናሊ" ብለው የሚጽፉም ታገኛለሽ። በዘመኑ ሰነድ ላይ የሌለ፣ በኋላ የመጣ ስም ነውና አትከተዪው። እናቷ ያወጣችላት ስም አልተጻፈም፤ ልብ ወለድሽም ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ ቢተወው እመርጣለሁ።

የግእዝ አዋቂው፦
መምህር፣ ጥሩ ብለዋል። በአጻጻፉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የናዋትሉ ድምፅ እንደኛ "ጸ" የሚፈነዳ አይደለም፤ ግን "ማሊንትዚን" ብሎ የስፓኝን ፊደል ከመከተል "ማሊንጺን" ለጆሮ የቀረበ ነው።

"ዶኛ" የምትለዋን "ወይዘሮ" በያት። ዛሬ ባል ያገባች ሁሉ ወይዘሮ ናት፤ ቀድሞ ግን ቃሉ የዘር ማዕረግ ነበር። ዶኛም በዚያ ዘመን እንደዚያው የባለ ዘር ሴት መጠሪያ ነው። በዘመቻው የነበረው ወታደር ቤርናል ዲያዝ፣ በስተርጅናው በጻፈው ታሪክ፣ በባርነት የተሰጠችውን ሴት እንዲህ እያከበረ መጥራቱ ምን ያህል እንደተፈራችና እንደተከበረች ያሳያል። በንግግር ላይ፣ የአገሬው ሰው ሲያናግራት፣ "እሜቴ" ይበላት፤ "ጺን"ን ከዚህ የተሻለ የሚሸከምልሽ ቃል አላገኘሁም።

ሴቶቹ የተሰጡበትን ስጦታም "ገጸ በረከት" እንዳትዪው። ተሸናፊ ለአሸናፊ የሚያቀርበው "እጅ መንሻ" ነው። ሰው እጅ መንሻ ሆነ ሲባል አንባቢ ይሰማዋል።

የስፓኝኛ መምህሩ፦
"ሌንጉዋ" ምላስም ነው፣ ቋንቋም ነው፣ አስተርጓሚም ነው። ኮርቴስ ለስፓኝ ንጉሥ በላከው ሁለተኛ ደብዳቤ ላይ ስሟን አልጻፈም፤ "የዚህ አገር ተወላጅ የሆነች ሴት፣ ሌንጉዋዬ" ብሎ አለፋት። በስሟ የጠራት በአምስተኛው ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነበር። ሄሮኒሞ ዴ አጊላር የሚባል በ1511 መርከቡ ተሰብሮ ማያዎች ዘንድ የኖረ ስፓኛዊ ነበረ። እሷ ከናዋትል ወደ ማያኛ፣ እሱ ከማያኛ ወደ ስፓኝኛ ይመልሱ ነበር። ስፓኝኛ ከለመደች በኋላ አጊላር አላስፈለገም።

የግእዝ አዋቂው፦
"ምላስ" አይሆንም፤ በአማርኛ ምላስ ሲባል ምላሰኛነት ይከተላል። "ልሳን" ግን ሦስቱንም ይችላል፤ አካሉንም፣ ቋንቋውንም፣ በሌላ ስም የሚናገረውንም። "ልሳኔ" ብሎ ይጻፍላት ኮርቴስ። ስሟን መዝለሉም እዚያው ይታያል፤ ሰውዬው የሚያየው አፏን ብቻ ነው። በእኛም ቤት ንጉሥ በሌላ ሰው አፍ ሲናገር "ቃለ ዐፄ"፣ "አፈ ንጉሥ" የሚባሉ ሹማምንት ነበሩ፤ ያ ግን ሹመት ነው፤ ለእሷ አይሰጥም።

የታሪክ አንባቢው፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ልብ የሚነካውን ነገር ዘለላችሁት። በጥቅምት 1519 ቾሉላ በምትባል ከተማ በኮርቴስ ጦር እጅ ያለቀው ሕዝብ ብዙ ሺህ ነው። አንዲት አሮጊት "ከልጄ ላጋባሽ፣ አምልጪ" ብላ የከተማው ሰዎች በስፓኞቹ ላይ የመከሩትን ምስጢር ብትነግራት፣ ሄዳ ለኮርቴስ ነገረች። ይህን ከባንዳነት ሌላ ምን ይሉታል? በሜክሲኮ "ማሊንቺስታ" ማለት የገዛ አገሩን ንቆ የውጭውን የሚያመልክ ነው። እኛ "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" የምንለው ዓይነት ሰው። ሕዝቡ በስሟ ስድብ የሠራው በከንቱ አይደለም።

ልብ ወለድ ጸሐፊዋ፦
ወንድሜ፣ ቾሉላን አልሸሽም፤ ምዕራፉን እንቅልፍ አጥቼ ነው የጻፍኩት። የአሮጊቷ ታሪክ ግን የደረሰን ከገዳዮቹ ወገን ነው፤ ግድያውን የሚያስረዱበትም እሱው ነው። ታሪኩ እውነት ቢሆን እንኳ "ከዳች" ለማለት መጀመሪያ ወገን ያስፈልጋል። እሷ የአዝቴኮች ንጉሥ የሞክቴዙማ ሰው አልነበረችም። ቾሉላም አገሯ አይደለም። በባርነት አሳልፎ የሰጣት የራሷ ምድር ነው። "ሜክሲኮ" የሚባል አንድ አገር ያኔ አልነበረም፤ ትላሽካላ የምትባለው የአገሬው ግዛት ሰዎች በብዙ ሺህ ተሰልፈው ከኮርቴስ ጎን የተዋጉት የሞክቴዙማን ወገን እንደ ጠላት ስለሚያዩ ነው።

ስድቡም ቢሆን የዘመኑ አይደለም። የትላሽካላ ሰዓሊዎች በ16ኛው መቶ ዘመን ሲስሏት ከኮርቴስ አጠገብ ቆማ፣ ጎልታ ነው። እዚያ አካባቢ ያለ ከ4,400 ሜትር በላይ የሚሆን ተራራ በስሟ ይጠራል። ከሃዲ የሆነችው አገሪቱ በ1821 ከስፓኝ ነጻ ወጥታ የራሷን ታሪክ መጻፍ ስትጀምር ነው። "ማሊንቺስታ" የሚለው ስድብ ደግሞ የ20ኛው መቶ ዘመን ልጅ ነው። ቢተረጎም "ፈረንጅ አምላኪ" ይበቃዋል፤ ግን በ1519 ሰው አፍ ውስጥ አላስገባውም።

የግእዝ አዋቂው፦
"ባንዳ" የጣልያን ቃል ነው። ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያን ጦር ጋር ነው፤ አንባቢሽ ቃሉን ሲያይ አርበኞቹን ያያል፣ የአምስቱን ዓመት መከራ ያያል። ሜክሲኮ ያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የተሰየመላት። ቃሉን ወደ 1519 ብትወስጂው የእኛን ቁስል ተሸክሞ ይሄዳል፤ የእነሱን አያሳይም። የሞክቴዙማ ከተማ የቴኖችቲትላን ሰው በምሬት መናገር ካለበት "ለጠላት ያደረች" ይበል። "ማደር" መገዛትም ነው፣ አገልግሎትም ነው፤ ማን አሳደራት የሚለውን ጥያቄ ክፍት ይተወዋል።

የታሪክ አንባቢው፦
"ለጠላት ያደረች" የሚለውን እቀበላለሁ። የሞቱት እንዳይረሱ ነበር ጭንቀቴ።

የስፓኝኛ መምህሩ፦
ከሁሉ የሚከብድሽ ኅዳር 8 ቀን 1519 ነው፤ ሞክቴዙማና ኮርቴስ የተገናኙበት። የናዋትል የቤተ መንግሥት አነጋገር አክብሮቱን በማዞር ይናገራል፤ ባለቤቱ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንግዳውን ጌታ ያደርገዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ በናዋትል በተጻፈው ታሪክ ሞክቴዙማ "ደክመው መጡ፣ ከተማዎ ደረሱ፣ ዙፋንዎ ላይ ይቀመጡ" የሚል ቃል ይናገራል። ኮርቴስ ደግሞ ለስፓኝ ንጉሥ "ሞክቴዙማ ግዛቱን አስረከበኝ" ብሎ ጻፈ። ዙፋን የማስረከብ ቃል ነው ወይስ የእንግዳ አቀባበል? ብዙ ሊቃውንት ዛሬ ሁለተኛውን ያያሉ።

ሌላም አለ። የሞክቴዙማ ማዕረግ "ትላቶዋኒ" ነው፤ ትርጉሙ "ተናጋሪ"። በዚያ ቀን በተናጋሪው ፊት የምትናገረው እሷ ናት።

ልብ ወለድ ጸሐፊዋ፦
አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ይመስለኛል። "ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ይግቡ" ስንል ማንም ቤቱን አይወርስም። ሞክቴዙማን "እርስዎ" እያለ አናግረዋለሁ፤ ኮርቴስ ሲመልስ "አንተ" ይላል። እሷ መካከል ላይ ሆና ያንን "አንተ" ወደ "እርስዎ" ትቀይረው ወይስ እንዳለ ታስተላልፈው፣ እዚያ ላይ ነው አንድ ምዕራፍ ሙሉ የምቆየው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ቤርናል ዲያዝ የአገሬው ሰዎች ኮርቴስን ራሱን "ማሊንቼ" ይሉት ነበር ይላል። እውን ልጠቀምበት?

የስፓኝኛ መምህሩ፦
ተጠቀሚበት። ሁልጊዜ አብራው ስለነበረች በእሷ ስም ጠሩት፤ ዲያዝም የሰጠው ምክንያት ይህ ነው። በንግግር ውስጥ "ማሊንቼ"ን ለእሱ፣ "ማሊንጺን"ን ለእሷ ብትለዪ አይምታታም። መቅድሙ ላይ ግን አንድ መስመር ጻፊ፤ አለዚያ ሰውዬው በሴት ስም ሲጠራ አንባቢ የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስለዋል።