የእርጉዝ አይጦች ታይሮይድ፦ የጋራ ምክረ ሐሳባችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የታይሮይድን (አንገት ላይ ያለውን ዕጢ) ሆርሞን በእርጉዝ አይጦች ለመለካት፣ ረቂቁ ላይ «ደም በ20ኛው የእርግዝና ቀን ይወሰዳል» ይላል። አንድ ቀን ይበቃናል? የመሰላችሁን ጻፉ።

የእንስሳት ሐኪም፦ አይበቃም። አይጥ የምታረግዘው 21 ወይም 22 ቀን ነው። የፅንሱ ታይሮይድ ሥራ የሚጀምረው ወደ 17ኛውና 18ኛው ቀን ገደማ ነው። እስከዚያ ፅንሱ ያለው የእናቱ ቲ4 (ታይሮይድ የሚያመነጨው ሆርሞን) ብቻ ነው። በ20ኛው ቀን ብቻ ደም ከወሰድን ዋናው ጊዜ አመለጠን ማለት ነው። 10ኛው፣ 16ኛውና 20ኛው ቀን ይሁን። ያላረገዙ አይጦችም ለማነጻጸሪያ ይግቡ።

ተማሪ፦ ዶክተር፣ «በእርግዝና ጊዜ ቲ4 ይጨምራል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያነበብኩት ስለ ሰው ነበር።

የእንስሳት ሐኪም፦ እንኳን አነሣኸው። ሰው ላይ ልክ ነህ። ኢስትሮጅን ሲጨምር ሆርሞኑን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን ይበዛል፤ ጠቅላላው ቲ4ም አብሮ ከፍ ይላል። አይጥ ላይ ግን መውለጃዋ ሲደርስ የእናቲቱ ቲ4 ይወርዳል። ማህፀንና እንግዴ ልጅ ውስጥ ደግሞ ሆርሞኑን የሚያመክን ዲአዮዲኔዝ 3 የሚባል ኢንዛይም አለ። መላምቱን እንደገና ጻፈው፤ እኔም አየዋለሁ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ በሦስቱ ቀናት እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ቆጠራው ነው። ወንዱ ከሴቷ ጋር ባደረ ማግስት፣ በጠዋት፣ ከብልቷ ትንሽ ፈሳሽ ወስደን መስታወት ላይ እናደርጋለን። በማይክሮስኮፕ የወንድ ዘር ከታየ ያ ቀን 0 ነው። ባለፈው ሥራችን አንዳችን ከ0፣ ሌላችን ከ1 ቆጥረን ውጤቱ ተደበላለቀብን። እባካችሁ ይህ በግልጽ ይጻፍ። ደግሞ የ20ኛው ቀን ፅንስ ደሙ ጠብታ ናት። የአንድ እናት ፅንሶች ደም አንድ ላይ ይቀዳ።

አስተባባሪ፦ 0 ብለን እንጽፋለን። ጋሼ፣ መኖውስ?

የመኖ ባለሙያ፦ እሱን አደራ። እኛ ጋ የሚቀላቀለው ፉሩሽካና ፋጉሎ ነው። የጎመን ዘር ፋጉሎ ከገባበት ታይሮይዱ አዮዲን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ያኔ ለውጡ ከእርግዝናው ይምጣ ከመኖው በምን እንለያለን? የጨዉም አዮዲን ይለካ። በእንቅርት ስንት እናት እንደተቸገረች እያየን አድገናል፤ በመኖ ምክንያት ሥራው እንዲበላሽብን አልፈልግም።

አስተባባሪ፦ ገባኝ ጋሼ። የመኖውን ክፍል እርስዎ ይጻፉልን። አይጦቹ የሚገዙት መኖው ከተመረመረ በኋላ ነው።