ክርክር፦ ፕሪፕሮሰሲንጉ (ምስሉን ለሞዴሉ የሚያዘጋጀው ሥራ) እና ሞዴሉ በአንድ የኦኒክስ ግራፍ (ኦኒክስ የሞዴል ፋይል ፎርማት ነው፣ ግራፉ የስሌቶቹ ሰንሰለት) ይዋሃዱ ወይስ ለየብቻ ይቆዩ?

ባለግራፉ፦ ይዋሃዱ እንጂ! ለየብቻ ሲሆኑ ፕሪፕሮሰሲንጉ ሰርቨሩ ላይ በፓይተን፣ ስልክ ላይ ደግሞ በኮትሊን ይጻፋል። ኦፕንሲቪ የሚባለው የምስል ላይብረሪ ምስሉን በቢጂአር (ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ) ቅደም ተከተል ያነባል፣ ሞዴሉ የሰለጠነው በአርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ነው። ኤረር የለም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጥሃል። መርጅ ሞዴልስ የሚባለውን የኦኒክስ ፈንክሽን ጠርተህ የአንዱን አውትፑት ከሌላው ኢንፑት ጋር በአይኦ ማፕ (የስም ጥንዶች ዝርዝር) ማያያዝ ነው፤ አለቀ።

ቀዩ_ተርሚናል፦ የት ያልቃል! ሁለቱ ፋይሎች የአይአር ቨርዥናቸው (የፋይል ፎርማቱ ስሪት) እና ኦፕሴታቸው (የኦፕሬተሮቹ ማለትም የስሌት ዓይነቶቹ ስሪት) ካልገጠመ አይዋሃዱም። ቨርዥን ኮንቨርተር አለ፣ ግን ሁሉንም ኦፕሬተር አይችልም፤ ከመጀመሪያው በአንድ ኦፕሴት ኤክስፖርት ማድረግ ይሻላል። ሁለቱም ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ኖድ (አንድ የስሌት እርምጃ) ካለም ይጋጫል። ይህን ለመፍታት ፕሪፊክስ (ከስሞቹ ፊት የሚጨመር ቅጥያ) ስትሰጥ አይኦ ማፑ ላይ የድሮውን ስም ነው የምትጽፈው፣ የተዋሃደው ሞዴል ግን አዲሱን ይይዛል፤ ሰርቪሱ በድሮው ስም ሲጠራው ይወድቃል።

ቴንሰር_በረንዳ፦ ሼፑንም (የቴንሰሩን ማለትም የቁጥሮቹን ሠንጠረዥ መጠን) እዩት። አንዱ 3×224×224 ቢያወጣና ሌላው 1×3×224×224 ቢጠብቅ መርጁ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፤ የሚጮኸው ሞዴሉን የሚያስኬደው ኦኒክስ ረንታይም ነው። መፍትሔው ከመርጁ በፊት ኤክስፓንድ አውት ዲም በሚባለው ፈንክሽን 0ኛው ቦታ ላይ አንድ ዳይሜንሽን መጨመር ነው።

ከዚህ የከፋው ሪሳይዝ (የምስሉን መጠን መቀየር) ነው። ሞዴሉ ፒሎው በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ በባይሊኒየር ዘዴ ተቀንሰው በወጡ ምስሎች ከሰለጠነ፣ ፒሎው ሲቀንስ አንቲአሊያሲንግ (ፒክሰሎቹን አማካይቶ ማለስለስ) ይሠራል። የኦኒክስ ሪሳይዝ ግን ይህን አማራጭ ያገኘው በኦፕሴት 18 ነው፣ ያውም ካላበራኸው ጠፍቶ ነው የሚመጣ። በኦፕሴት 17 የ4000 ፒክሰል ፎቶ ወደ 224 ስታወርድ የሚወጣው ፒክሰል ሌላ ነው።

ባለግራፉ፦ እንግዲያው ኦፕሴት 18 ተጠቀሙ፣ አብሩት! ይህ ለመለየት ምክንያት ይሆናል እንዴ?

ቀዩ_ተርሚናል፦ ባቹስ (ብዙ ምስል በአንድ ጊዜ ማስኬዱስ)? መጠናቸው የተለያየ 16 ፎቶዎች ሪሳይዝ ሳይደረጉ አንድ ቴንሰር ውስጥ አይገቡም። ሪሳይዙን ግራፉ ውስጥ ከከተትክ አንድ በአንድ ልታስኬድ ነው፤ ጂፒዩው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ቴንሰር_በረንዳ፦ እኔ መሐሉ ላይ እቆርጠዋለሁ። ዲኮድ (ፋይሉን ወደ ፒክሰል መፍታት) እና ሪሳይዝ ውጭ ይቅሩ። ካስት (የቁጥሩን ዓይነት መቀየር)፣ ለ255 ማካፈል፣ አማካዩን መቀነስ፣ በስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ማካፈል፣ ትራንስፖዝ (የዳይሜንሽኖቹን ቅደም ተከተል መቀየር)፣ እነዚህ ግራፉ ውስጥ ይግቡ። በዚያ ላይ የሚላከው ዩኢንት8 (በአንድ ባይት የሚቀመጥ ቁጥር) ስለሚሆን አንድ የ224×224 ምስል 150,528 ባይት ነው፤ አንድ ቁጥር አራት ባይት በሚይዝበት በፍሎት32 602,112 ይሆን ነበር።

ባለግራፉ፦ የቢጂአሩስ ነገር? እሱ እኮ አሁንም ውጭ ቀረ።

ቴንሰር_በረንዳ፦ ቀረ። ለዚያ አንድ ቀይ ምስል ቴስት ውስጥ አስገቡና ወደ ግራፉ ሲገባ 0ኛው ቻናል 255 መሆኑን ፈትሹ።