«እርጅና ነው» ማለት መልስ ነው?

የሽሮ ሜዳው፦ ዛሬ እናቴን ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። 73 ዓመቷ ነው። በአራት ወር ውስጥ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል። «እርጅና ነው» ብለው መለሱን። ሚዛን ላይ እንኳ አላወጧትም! በጣም ነው የተናደድኩት።

ገብሬ፦ አይዞህ ወንድሜ። ሰው ሲያረጅ ይከሳል። አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ።

ነርስ ከደሴ፦ ገብሬ፣ በአራት ወር ቀሚስ የሚያሰፋ እርጅና የለም። ቲቢ፣ ስኳር፣ ድብርት፣ ጥርስ፣ ሁሉም መታየት አለበት። እኛ የምግብ እጥረት የምናይበትን የክንድ መለኪያ የምናወጣው ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ነው። ፕላምፒ ናቱም፣ ያ የኦቾሎኒ አልሚ ምግብ፣ ለሕፃን ነው። አዛውንት መለካት አልለመድንም። ይሄ የኛ ጥፋት ነው።

ገብሬ፦ እርጅና ያልኩት ትንሽ በልተው ይጠግባሉ ለማለት ነው።

ነርስ ከደሴ፦ ችግሩ እኮ እሱ ነው! የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል እንጂ ሰውነታቸው ፕሮቲን መፈለጉን አይተውም። ለአዛውንት በቀን በኪሎ ቢያንስ 1 ግራም ይመከራል። 50 ኪሎ ለሆኑ እናት 50 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው ያለው።

ወለተ ማርያም፦ የኔ እናት በጾም ወተት በአፏ አይዞርም። የንስሐ አባቷ መጥተው «ለታመመ ይፈቀዳል» አሏት። እምቢ አለች።

ገብሬ፦ ደግሞ ወደ ጾሙ መጣችሁ? ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ አለ አይደል?

ወለተ ማርያም፦ ጾሙን ማን ነካው? እኔም እጾማለሁ። የታመመች እናቴ ታሳዝነኛለች ነው ያልኩት።

ልጅ ከዲሲ፦ ዋናው የልጆች ቸልተኝነት ነው። እኔ በየወሩ እልካለሁ፤ እናቴ ምንም አልጎደለባትም።

የሽሮ ሜዳው፦ ቸልተኝነት አልከኝ? አብሬያት ነው የምኖረው። ግን ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። አባቴ ካረፈ ወዲህ «ለአንድ ሰው ምን ወጥ ይሠራል» ትላለች። ጥርሷም አልቋል። ዳቦ በሻይ ነክራ ትውላለች። ያንተስ እናት ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበላው?

ልጅ ከዲሲ፦ ሠራተኛ አለቻት። ደግሞ አንተን አላልኩም።

ወለተ ማርያም፦ «የልጆች ቸልተኝነት» ብለህ ጽፈህ ማንን ነው ያልከው? ልጅም ጡረታም የሌላቸውስ? ሰፈራችን ስንት አሉ!

ገብሬ፦ እኔ አሁንም እርጅናም አለበት እላለሁ።

የሽሮ ሜዳው፦ ነገ ሌላ ቦታ ወስጄ አስመዝናታለሁ። ነርሷ፣ ኪሎዋን እዚሁ እጽፍልሻለሁ።